ቫቲካን፣ ወራጅ አለ!

ከሳር ቤት ወደ መካኒሳ በሚወስደው መንገድ ላይ «ቫቲካን፣ ወራጅ አለ!» ብሎ የሚጮህ ተሳፋሪ ሮም አልደረሰም። ያለው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። የሮማው ጳጳስ እንደራሴ ግቢ፣ በተለምዶ «ቫቲካን ኤምባሲ» የምንለው፣ እዚያ ስላለ ሰፈሩም በዚያው ቀረ። የታክሲው ረዳት ቫቲካንን ከሳር ቤትና ከመካኒሳ ለይቶ አይጠራትም። ለተሳፋሪው የሚወርድባት ፌርማታ ናት፤ ሤራም ሆነ በጨለማ የሚንቀሳቀስ ነፍሰ ገዳይ መነኩሴ አይታሰበውም።

በግንቦት 1998 ዓ.ም. ግን ይኸው ስም በዓለም ሲኒማ ቤቶች ከሤራ ጋር ተጠራ። ሮን ሃዋርድ ያዘጋጀው፣ ቶም ሃንክስና ኦድሬ ቶቱ የሚተውኑበት «ዘ ዳ ቪንቺ ኮድ» የካን ፊልም ፌስቲቫልን ከፍቶ በዚያው ሳምንት ለሕዝብ ተለቀቀ። መነሻው ዳን ብራውን እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመው ልቦለድ ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰማንያ ሚሊዮን ያህል ቅጂ የተሸጠ መጽሐፍ ነው። ፊልሙ 125 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ከ750 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። እኛ ሰፈር የደረሰው በዲቪዲ ነው። ያኔ ሳሪስና ጎፋ ፊልም ማከራያ ቤት የማይታይበት መንገድ አልነበረም። ብዙዎቻችን ያየነው ያለ ትርጉም ስለነበር ግማሹ ንግግር አምልጦናል። ያመለጠንን ግማሽ ሰፈሩ በራሱ መንገድ ሞላው፤ ከፊልሙ የበለጠ የተወራው ያ የተሞላው ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የፓሪሱ የሉቭር ሙዚየም ባለሥልጣን በሌሊት ተገድሎ ይገኛል። አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ሮበርት ላንግደንና የሟቹ የልጅ ልጅ ሶፊ፣ እርሱ በሥዕሎችና በቁጥሮች ውስጥ የተወላቸውን ምልክት እየፈቱ ከፓሪስ ለንደን፣ ከለንደን ስኮትላንድ ይሮጣሉ። ሲላስ የሚባል፣ «ኦፑስ ዴይ» የተሰኘው የካቶሊክ ማኅበር አባል የሆነ መነኩሴ እየገደለ ይከተላቸዋል (እውነተኛው ማኅበር መነኮሳት የሉትም፤ አብዛኞቹ አባላቱ ትዳርና ሥራ ያላቸው ምእመናን ናቸው)። የሚሮጡለት ምሥጢር ደግሞ ክርስቶስ መግደላዊት ማርያምን አግብቶ ልጅ ወልዷል፣ ዘሩ እስከ ዛሬ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ይህን ደብቃለች የሚል ነው።

ልቦለድ ነው፤ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ እንደ ማንኛውም ልቦለድ ባለፈ ነበር። እሳቱን ያስነሳው ከምዕራፍ አንድ በፊት የተቀመጠችው አንዲት ገጽ ናት። ዳን ብራውን እዚያ ላይ «እውነታ» የሚል ርእስ ሰጥቶ፣ «የጽዮን ማኅበር» የተባለው ምሥጢራዊ ድርጅት በእርግጥ መኖሩን፣ በመጽሐፉ ውስጥ የተገለጹት ሥዕሎች፣ ሕንፃዎች፣ ሰነዶችና ሥርዐቶች ትክክል መሆናቸውን ይነግረናል። አንባቢው ከዚያ በኋላ ልቦለድ እያነበበ መሆኑን ይረሳል። ነገሩ ከደራሲ ብልሃት ይቆጠርለት ይሆናል፤ እኔ ግን ማጭበርበር ነው እላለሁ።

ያቺ ገጽ የምትመካበት ድርጅት ታሪክ አጭር ነው። ፒየር ፕላንታር የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1956 በአንዲት ትንሽ የፈረንሳይ ከተማ ማኅበር አስመዘገበ። ቆይቶም ከግብረ አበሮቹ ጋር ሆኖ፣ ማኅበሩ ከመስቀል ጦርነት ዘመን ጀምሮ እንደነበረ የሚያስመስሉ የውሸት ሰነዶችን በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አስቀመጠ። ሌሎች ደራስያን ሰነዶቹን አምነው እ.ኤ.አ. በ1982 ትልቅ መጽሐፍ ጻፉ። ከእነርሱ ሁለቱ ዳን ብራውን ሐሳባችንን ሰረቀን ብለው የልቦለዱን አሳታሚ ለንደን ላይ ከሰሱ፤ ፊልሙ ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው ተረቱ። ታሪክ ነው ብሎ ለጻፈ ሰው ክሱ ራሱ አስቂኝ ነበር፤ እውነተኛ ታሪክን ማን ከማን ይሰርቃል?

ዓለም ፊልሙን የተቀበለው በየመልኩ ነው። ከቫቲካን ከፍተኛ ሹማምንት አንዱ የነበሩት ሊቀ ጳጳስ አንጄሎ አማቶ ምእመናን እንዳያዩት ጠሩ። ግብፅ፣ ዮርዳኖስና ፓኪስታን ከለከሉት፤ በሕንድም አንዳንድ ግዛቶች አገዱት። ቻይና ጥቂት ሳምንታት አሳይታ አነሣችው። የሚገርመኝ የክርክሩ አካሄድ ነው። አንዱ ወገን ቤተ ክርስቲያን ተዋረደች፣ ሌላው የሰው ልጅ ነፃነት ተነካ ይላል። ዳን ብራውን የጠቀሰው ነገር እውነት ነው ወይስ ውሸት የሚለው ጥያቄ ከሁለቱ መካከል ወድቆ ቀረ።

እኛ ሰፈር ግን ጥያቄው ባልታሰበ ሰው በኩል ተነሣ። ፊልሙን ከጎረቤቶቼ ጋር ያየሁ ዕለት አንድ ወጣት ዲያቆን አብሮን ነበር። በፊልሙ ውስጥ ሰር ሊ ቲቢንግ የሚባሉት እንግሊዛዊ አዛውንት፣ የክርስቶስ አምላክነት በኒቅያ ጉባኤ በድምፅ ብልጫ የተወሰነ ነው፣ ከዚያ በፊት ተከታዮቹ እንደ ሰው ብቻ ነበር የሚያዩት የሚል ሐሳብ ይዘው ሲያስረዱ፣ ዲያቆኑ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ሠለስቱ ምዕትን ነው እንዴ የሚሉት? ሦስት መቶ አሥራ ስምንቱን አባቶች?» አለ። በቤቱ ውስጥ እንግሊዝኛ በደንብ የሚሰማ ሌላ ሰው ነበር፤ ፊልሙን የተረዳው ግን ዲያቆኑ ነው።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ስለሚበስል እንቆይበት።

ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ የኒቅያን ጉባኤ የጠራው እ.ኤ.አ. በ325 ነው። ጉባኤው የተጠራው አርዮስ የሚባል የእስክንድርያ ካህን ወልድ ፍጡር ነው ብሎ በማስተማሩ ነበር። ልብ በሉ፦ አርዮስም እንኳ ክርስቶስ ተራ ሰው ነው አላለም። እርሱ ያስተማረው ከዓለም በፊት የነበረ፣ ዓለምም በእርሱ የተፈጠረ፣ ነገር ግን ከአብ የሚያንስ ነው ብሎ ነው። አከራካሪው «ሰው ነው ወይስ አምላክ» ሳይሆን «ከአብ ጋር እኩል ነው ወይ» የሚለው ነበር። ውጤቱም ለጥቂት የተረፈ የድምፅ ብልጫ አልነበረም፤ ውሳኔውን እስከ መጨረሻ አንፈርምም ያሉት ሁለት ጳጳሳት ብቻ ናቸው። የትኞቹ መጻሕፍት ቅዱሳን ናቸው የሚለው ጥያቄ ደግሞ በጉባኤው ቀኖናዎች ውስጥ የለም።

ይህ ሁሉ ለፓሪስ ወይም ለኒውዮርክ አንባቢ የቤተ መጻሕፍት ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን የቅዳሴ ጉዳይ ነው። የጉባኤው አባቶች መታሰቢያ ኅዳር 9 ቀን ይውላል። ከአሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስማቸው ይጠራል። የደነገጉት ጸሎተ ሃይማኖት በቅዳሴ ይጸለያል፤ ከሳሪስ አቦ እስከ ብሥራተ ገብርኤል ሕዝቡ ቃሉን በአፉ ያውቀዋል። ያውም በአንድ የታክሲ መንገድ ላይ ሦስት ቤት ይጸልዩታል፤ በእንደራሴው ግቢ ካቶሊኮቹ፣ መካኒሳ ባለው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ሉተራውያኑ፣ በየደብሩ ኦርቶዶክሳውያኑ። ስለ መንፈስ ቅዱስ መሥረጽ አንድ ሐረግ ይለያቸዋል፤ ያቺ ሐረግ ብዙ ዘመን አጣልታለች። በቀረው ቃል ግን የሁሉም አባት ኒቅያ ነው።

ለዚህ ነው አንዳንድ ወዳጆቼ ፊልሙን ወደው ማየታቸው ያስገረመኝ። ዱላው የሚያርፈው በሮም ላይ ስለመሰላቸው ደስ ብሏቸው ነበር። አገሩ ከሮም ጋር የቆየ ቂም አለበት፤ ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ምክር የካቶሊክን እምነት አውጀው በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲል እስኪለቁ የፈሰሰው ደም አልተረሳም። ነገር ግን ሰር ሊ ቲቢንግ ሲናገሩ የሚያፈርሱት ቫቲካንን ብቻ አልነበረም፤ የጎፋ ገብርኤልንም መሠረት ነበር። ጓደኛህ ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ግን ለዳን ብራውን ልመስክርለት። ነገሥታት በሃይማኖት ውስጥ እጃቸውን አስገብተዋል የሚለው ጥርጣሬ ከባዶ የመጣ አይደለም። ለዚህም ከአክሱም የተሻለ ምስክር አይገኝም። በኒቅያ ጉባኤ ላይ ሊቀ ጳጳሱን ተከትሎ የመጣ አትናቴዎስ የሚባል ዲያቆን ነበር። እርሱ በኋላ የእስክንድርያ ፓትርያርክ ሆኖ ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ ሾመው። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስጣንዮስ ግን ወደ አርዮሳውያኑ ያዘነበለ ነበርና አትናቴዎስን አሳደደው። እ.ኤ.አ. በ356 ገደማም ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፦ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩትና በአዲሱ ጳጳስ በጊዮርጊስ ይመርመር የሚል። የደብዳቤው ቃል አትናቴዎስ ባቆየው ጽሑፍ ውስጥ ዛሬም ይነበባል። የሮም ንጉሠ ነገሥት በአንድ አፍሪካዊ ንጉሥ ጳጳስ ላይ ያሴረውን ሤራ ከነፊርማው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ እያለ ሰው ለምን የፕላንታርን የውሸት ሰነድ ፍለጋ ይደክማል? ልዩነቱ ደግሞ ይኼ ነው፦ ንጉሠ ነገሥቱ የቆመው ከኒቅያ ጋር ሳይሆን ኒቅያን በመቃወም ነበር። የዳን ብራውን ታሪክ ተገልብጦ ማለት ነው።

የተደበቁ መጻሕፍት የሚለውም እንዲሁ ነው። ልቦለዱ የሙት ባሕር ጥቅልሎችንና የናግ ሐማዲን መጻሕፍት ቤተ ክርስቲያን ልታጠፋቸው የሞከረቻቸው ጥንታውያን ወንጌሎች አድርጎ ያቀርባቸዋል። በሙት ባሕር ጥቅልሎች ውስጥ አንድም ወንጌል የለም፤ የአይሁድ መጻሕፍት ናቸው። በናግ ሐማዲ እ.ኤ.አ. በ1945 የተገኘው የፊልጶስ ወንጌል ስለ መግደላዊት የሚናገርባት ታዋቂ መስመር ላይ ፓፒረሱ ተበልቷል። ክርስቶስ የት ላይ እንደሳማት የሚገልጸው ቃል ቀዳዳ ሆኗል። ልቦለዱ ቀዳዳውን ራሱ ሞላው።

አውሮጳ ከሺህ ዓመት በላይ ጠፍቶባት የኖረውን እውነተኛ መጽሐፍ ፈልጋ ያገኘችው ግን ከእኛ ዘንድ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መጽሐፈ ሄኖክን በሦስት ቅጂ ይዞ አውሮጳ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1773 ነው። ሙሉው ጽሑፍ በግዕዝ ብቻ ነበርና፣ ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ የጠቀሰውን መጽሐፍ ምዕራባውያን ምሁራን ሙሉውን ለማንበብ የእኛን ቋንቋ መማር ነበረባቸው። ኩፋሌም እንዲሁ። ሁለቱም በሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ውስጥ ተቆጥረው በየገዳሙ ሲገለበጡ ኖረዋል። ማንም አልደበቃቸውም።

አልደበቃቸውም ስል ግን የሚሞግተኝ አለ። እውነት ነው፣ ግዕዝ ለማያውቅ ሰው የተከፈተ ብራና ከተቆለፈ ሣጥን አይሻልም። ብዙው ምእመን ሄኖክን የሚያውቀው በስም ነው። ዛሬ በየስልኩ «የተደበቀው የሄኖክ ምሥጢር» እያለ የሚያስፈራራ ቪዲዮ የሚያየው ወጣት፣ መጽሐፉ በአማርኛ ታትሞ በየመጻሕፍት መደብሩ እንደሚሸጥ አያውቅም። ዳን ብራውንን ከመውቀሳችን በፊት ይህን ጉድለት የራሳችን ብለን መቀበል አለብን።

ስለ ሥዕሉም አንድ ነገር ልበል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሚላን ውስጥ በሚገኝ የገዳም መመገቢያ ቤት ግድግዳ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1495 እስከ 1498 በሣለው የመጨረሻው እራት፣ ከክርስቶስ ቀኝ የተቀመጠው ጢም አልባ ወጣት ዮሐንስ ሳይሆን መግደላዊት ናት ይላል ልቦለዱ። በዚያ ዘመን ጣሊያን ውስጥ ዮሐንስ የሚሣለው አብዛኛውን ጊዜ ጢም አልባና ልስልስ ወጣት ሆኖ ነው፤ ከሐዋርያት ሁሉ ታናሹ እርሱ ነበርና። የእኛ ሰው ደግሞ ለዮሐንስ ሌላ መታወቂያ አለው፤ ከስቅለቱ በኋላ ፊቱ ፈታ ሳይል የኖረ ነውና ቁጹረ ገጽ ይለዋል። ምልክት ካልቀረ በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ያለውን እዩ። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ክፉ ሰው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ ይሁዳም በእራቱ ማዕድ ላይ በአንድ ዓይኑ ይለያል። ይህን ኮድ ለመፍታት ፕሮፌሰር አያስፈልግም፤ እናቱን ተከትሎ ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሕፃን ይፈታዋል። ቅኔም ቢሆን ወርቁን በሰም ይሸፍናል እንጂ ከተማሪው አይሰውርም፤ መምህሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል።

ይህ ማለት ግን ኢትዮጵያዊ አንባቢ የምሥጢር ልቦለድ አይወድም ማለት አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሲወጣ አዲስ አበባ እንዴት እንደተቀበለችው ያየ ያውቃል። የጣናን ገዳማት ከአሜሪካ ሳይንስና ከስለላ ጋር ያገናኘ ታሪክ ነው፤ ከኋላው «ራማቶሓራ» እና ሌሎችም ተከተሉ። ከዓመታት በኋላ የደን ሳይንቲስቱ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ«እመጓ» የገዳምና የብራና ምሥጢር ፍለጋን እንደገና የብዙ ሰው ወሬ አደረጉት። እነዚህን ከዳን ብራውን ጋር የሚያወዳድር ብዙ ነው። በአሠራር ይመሳሰላሉ፤ አጭር ምዕራፍ፣ ፍለጋ፣ ምልክት፣ አሳዳጅ። በሐሳብ ግን ጀርባቸውን ሰጥተው የቆሙ ናቸው። በዳን ብራውን ዘንድ ምሥጢሩ ሲገለጥ ቤተ ክርስቲያን ትፈርሳለች። በእኛዎቹ ግን ምሥጢሩን ጠብቃ ያቆየችው ራሷ ናት፤ ሲገለጥ የሚኮራው አገሩ ነው። መነኩሴው እዚያ ገዳይ፣ እዚህ ጠባቂ ነው። ይህ ሁለተኛው የራሱ አደጋ አለው፤ ኩራት ማስረጃን የሚተካበት ጊዜ አለና። እንግሊዛዊው ግሬም ሃንኮክም እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ አክሱም ጽላት በጻፈው ተነባቢ መጽሐፉ ያንኑ ኩራታችንን ስለነካ ብዙ ጥያቄ ሳይቀርብበት አልፏል።

አሁን ወደ ፊልሙ ልመለስ፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የቀረ ነገር አለና።

የታሪኩ ቁልፍ የሚፈታው ለንደን ውስጥ፣ በዌስትሚንስተር አቢይ ካለው ከአይዛክ ኒውተን መቃብር አጠገብ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ እዚያው ለመቅረጽ ሲጠይቁ አስተዳዳሪዎቹ መጽሐፉ በነገረ መለኮት ረገድ ስሕተት ነው ብለው ከለከሏቸው። ስለዚህ ወደ ሊንከን ካቴድራል ሄዱ፤ ሊንከን መቶ ሺህ ፓውንድ ስጦታ ተቀብላ በሯን ከፈተች። በፊልሙ ላይ የምናየው ዌስትሚንስተር ሊንከን ነው።

የተከለከለው እውነተኛው ቤት ውስጥ ግን አንድ ነገር ተዘግቶበት ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው ንብረት መካከል ታቦታት ነበሩ። አሥራ አንዱ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ለሕዝብ ሳይታዩ ተቀምጠዋል። አንዱ በኤድንብራ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኝቶ በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ አዲስ አበባ በእልልታ ተቀበለችው። ሌላው ደግሞ በዌስትሚንስተር አቢይ፣ በሄንሪ ሰባተኛ ጸሎት ቤት፣ በመሠዊያው ውስጥ ታሽጎ ኖሯል። ቶም ሃንክስ ምሥጢር ሲፈልግበት በታሪኩ ውስጥ የሚመላለስበት ያ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአቢዩ አስተዳደር ይህን ታቦት ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለመመለስ በመርሕ ደረጃ መወሰኑን አስታወቀ።